ፕሌኖ ላይ የተጣለ ድንኳን

ቴክሳስ ያለችው ፕሌኖ ደቡብ ናት ወይስ አይደለችም? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ እንደማይነሳችሁ አውቃለሁ። እኔንም አይነሳኝም ነበር። ግን ኤርፖርቱ አጠገብ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ ዳረል የሚባል የሉዊዚያና ሰው አለ፤ ካርቶን እያሸገ ካላወራ ያመዋል። አንድ ቀን የት እንደምኖር ጠየቀኝ። ፕሌኖ አልኩት። የያዘውን ካርቶን አስቀመጠ።

«እሱማ ደቡብ አይደለም» አለኝ፤ አቅጣጫውን ሳይሆን ሰው ለሰው ቆሞ ሰላም የሚልበትን የድሮውን ደቡብ ማለቱ ነው። «የዛሬ ስንት ዓመት ነበር። አሁን ግማሹ ሰው ከካሊፎርኒያ የመጣ ነው። ባልና ሚስት እንኳ ደህና አደርሽ የሚባባሉት በቴክስት ነው።»

እኔ ደግሞ ደቡብ ሲሉኝ ትዝ የምትለኝ ዲላ ናት፤ ተወልጄ አስራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩባት። የቴክሳስ ሰፈር ደቡብ ሆነ አልሆነ ምን አገባኝ ብዬ አለፍኩት። ዛሬ ቢጠይቀኝ ግን መልስ አለኝ። የእረፍት ሰዓታችን አስራ አምስት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ለእሱ አይበቃኝም፤ ለእናንተ ልንገራችሁ።

የምኖረው አክስቴ ቤት ነው። ቤቱ መታጠፊያው ላይ ያለው የመጨረሻው ቤት ነው። ሰፈሩ ንጹሕ ነው፣ ሣሩ እኩል የታጨደ ነው፣ ሰው የለበትም። ማለቴ፣ ሰው አለ፤ ግን ጋራዥ ተከፍቶ መኪና ገብቶ ጋራዥ ሲዘጋ ነው የምታዩት። እኔ ደግሞ ቁጭ ማለት የማልችል ፍጥረት ነኝ። እናቴ ስትወልደኝ ቆሜ ነው የመጣሁት ትላለች። ሶ፣ ሥራ በሌለኝ ቀን በእግሬ እዞራለሁ። ውሻ ሳትይዝ የምትዞር ሴት ደግሞ እዚያ ሰፈር ምን ጠፍቶባት ነው ይባላል። መጋረጃ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ።

በመጣሁ ሰሞን ከጎረቤት ልተዋወቅ ብዬ ዳቦ ጋግሬ ከጎናችን ያለውን ቤት ደወልኩ። ደወሉ አናገረኝ። ሰውየው ቢሮ ሆኖ በስልኩ እያየኝ ነው ለካ። «ፓኬጁን በሩ ላይ አስቀምጪው» አለኝ። አስቀመጥኩት። ለደወል ዳቦ ሰጥቼ ተመለስኩ።

እንደዚህ ባለ ሰፈር ውስጥ ነው ሚስ ሎሬታን ያገኘኋቸው።

ቤታቸው ከእኛ ስድስተኛው ነው። በረንዳቸው ላይ ሁለት ወንበሮች ነበሩ፤ ሁለቱም ወደ መንገድ የዞሩ። አንድ ቀን ሳልፍ፣ «አንቺ ልጅ፣ የምትሄጂበት ቦታ አለ ወይስ እንዲሁ ነው?» አሉኝ።

«እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ ከሆነማ ተቀመጪ።»

እኔ፣ ሰርግ ላይ እንኳ ቆሜ የምበላው፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ተቀመጥኩ። ማንኪያ ቢሰኩበት ቆሞ የሚቀር ጣፋጭ ሻይ በበረዶ አጠጡኝ። ሚስ በዪኝ ያሉኝም ያን ዕለት ነው። ለነሱ አሮጊት አክብሮ መጥራት እንደዚያ ነው፤ ስሟ ላይ ሚስ ይጨምሩባታል። የኛው እትዬ መሆኗ ነው፤ ከዚያ በኋላ አልከበደኝም።

እሳቸውም እንደ ዳረል ስለዚህ ስለ ደቡብ ጉዳይ ሐሳብ ነበራቸው፤ በሽታው ሳይተላለፍ አይቀርም። እዚህ ቤት ሲገቡ ከጓሮው አጥር ወዲያ የጥጥ እርሻ ነበር ይላሉ። «አሁን ቢሮ ነው። ለቢሮው አልቀየምም፤ ሰው መሥራት አለበት። የሚያናድደኝ በረንዳው ነው። በረንዳ ሰው የሚቀመጥበት ነበር፤ አሁን የሚቀመጥበት ካርቶን ነው» አሉኝ። ካርቶኖቹን የማሽገው እኔ መሆኔን ያን ቀን አልነገርኳቸውም።

በዚህ አገር ሳልደውል የምገባበት አንድ ቤት ያ ነበር። አንድ ብቻ። ሌላው ሁሉ፣ የራሴ ዘመዶች ሳይቀሩ፣ «ከመምጣትሽ በፊት ኮል አድርጊ» ነው የሚሉት። እኔ ግን ደውዬ ከሄድኩ ሆዴ የፈለገው ነገር መንገድ ላይ ያልቅብኛል። ሚስ ሎሬታ ጋ የሽቦ በሩን ከፍቼ «ቤቶች» ብዬ እገባ ነበር። «ቤቶች» ማለት ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ከውስጥ «ቤቶች» ብለው ይመልሱልኛል።

ከዚያ መጋዘኑ ኦቨርታይም አመጣ። አራት ሳምንት ሙሉ ቤት የምገባው ለመተኛት ነበር። ስድስት ቤት ርቀት ላይ ያሉ ሰው ጋ አራት ሳምንት አልሄድኩም። እሄዳለሁ እያልኩ ነው ያልሄድኩት፤ ይሄ ደግሞ አልሄድም ከማለት ይብሳል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቼ መጋረጃ ስከፍት መንገዱ በመኪና ተሞልቷል። በሁለቱም በኩል እስከ እኛ ደጅ ድረስ ፓርክ አድርገዋል። አንገቴን አስግጌ ወደ ታች አየሁ። ሚስ ሎሬታ ደጅ ላይ ድንኳን ተጥሏል።

ነጭ ድንኳን። ሥሩ ጠረጴዛ አለ። አንዲት ሴት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ መዝገብ ላይ የመጣውን ሰው ትጽፋለች። ሰው በዝምታ ይገባል። የሚወጣው አንገቱን ደፍቶ፣ እግሩን እያየ ነው የሚወጣው። ይህንን አይቶ ሌላ ነገር የሚያስብ የዲላ ልጅ ካለ አምጡልኝ።

መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ አክስቴ ጋ ደወልኩ። አክስቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቪከሪ ሜዶ የሚባል የሐበሻ ሰፈር ያሉ ጓደኞቿ ጋ ነው የምትውለው፤ ከነሱ ጋ ካልተሟገተች ሳምንቱ አይገፋላትም።

«ሚስ ሎሬታ ሞቱ» አልኳት።

«የቷ?»

«ባለ በረንዳዋ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ድንኳን ተጥሏል።»

«ድንኳን ከተጣለማ ምን ይጠየቃል» አለች። «ሰው መጥቷል?»

«እስከ እኛ ደጅ ሞልቷል።»

«ታዲያ አንቺ ስልክ ይዘሽ ምን ትሠሪያለሽ? ስንዴና ሽምብራ ለነገ የዘፈዘፍኩት አለ። ቶሎ ንፍሮ ቀቅይና ሂጂ።»

«ፈረንጅ ንፍሮ ይበላል እንዴ?»

«ንፍሮ የሚበላው ሐዘንተኛ ነው፤ ፈረንጅ አይደለም። እኔም ሰው ይዤ እመጣለሁ።»

ቀቀልኩ። ያለኝ ጥቁር ቀሚስ አንድ ነው፤ እሱም ለሰርግ የተገዛ፣ ደረቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር የተረጨበት። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ብልጭልጩን ሸፈንኩበትና ድስቱን ታቅፌ ወጣሁ። መንገዱን ሳቋርጥ አንድ ትልቅ ፒክአፕ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። አቅጣጫ ሊጠይቀኝ መስሎኝ «እኔም ለሰፈሩ አዲስ ነኝ» ብዬው አለፍኩ።

ድንኳኑ ሥር ያለችው ሴት ቀና ብላ አየችኝ። «እንደምን አደርሽ የኔ ማር። ቁጥርሽን ያዢ» አለችና ወረቀት ሰጠችኝ። አርባ አንድ ይላል። ለለቅሶም ቁጥር፣ አልኩ በሆዴ። ምናለ፣ ሥርዓት ያለው አገር ነው። ወረፋው ጫፍ ላይ ቆሜ ማልቀሴን ቀጠልኩ።

ከፊቴ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ቆመዋል። በእጃቸው ሜትር ይዘዋል፤ ያ ግንበኛ የሚለካበት። ሣጥኑን ሊለኩ ነው ብዬ እንደ አዲስ አነባሁ። ሽማግሌው ዞር አሉ።

«አይዞሽ» አሉኝ፣ «የምግብ ጠረጴዛው አልተነካም ይላሉ።»

እንዲህ ያለ ማጽናኛ ሰምቼ አላውቅም። የአገራቸው ባህል ይሆናል አልኩ። «ሚስ ሎሬታን አውቃቸው ነበር» አልኳቸው። «ጎረቤቴ ነበሩ። ሻይ ያጠጡኝ ነበር።»

ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ። ሜትሩን ኪሳቸው ከተቱና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከኋላዬ የቆመ ጎረምሳም አያቸውና ኬፑን አወለቀ። ነገሩ ከሰው ወደ ሰው ወደ ፊት ሲሄድ ይሰማኛል፤ «ሞተዋል እኮ»፣ «መቼ?»፣ «ጎረቤታቸው ናት የነገረችን»። ወረፋው በሙሉ ጸጥ አለ። ሞተው እንደሆነ እንኳ የማያውቅ ሰው ሁሉ በእኔ ምክንያት አወቀ ማለት ነው።

ይሄኔ አክስቴ ደረሰች።

አራት ሴቶች ይዛ ነው የመጣችው፤ ሁሉም ጥቁር በጥቁር፣ ሁሉም የታሸገ ውኃ በእቅፍ። አክስቴ ለቅሶዋን የጀመረችው ከመኪናው ሳትወርድ ነው። አክስቴ ሚስ ሎሬታን የምታውቃቸው አንድ ጊዜ የቆሻሻ ቀን በስሕተት የእሳቸውን በርሜል እየጎተተች ሳለች «የኔ ነው ልበል?» ሲሏት ነው። ለዚያ ትውውቅ የተለቀሰው ለቅሶ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለእናት የሚለቀስ ነበር። «የደጃችን ጥላ፣ የመንገዳችን ዓይን» እያለች ደረቷን ትመታለች፤ አራቱ ይቀበሏታል። ወረፋው ለሁለት ተከፍሎ አሳለፈን። የመዝገቧ ሴት ከወንበሯ ተነሣች። ቁጥር የጠየቀን የለም።

ገባን። እኔ ቀና ስል መብራቱ ላይ ትንሽ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። ሶፋው ላይም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ላይም። ሻይ የሚያጠጡኝ ብርጭቆዎች ስድስቱም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው አንድ ወረቀት ለስድስት ተለጥፎባቸዋል። አንዲት ሴት የሚስ ሎሬታን ካፖርት ለብሳ መስታወት ፊት ትዞራለች። የአክስቴ ድምፅ መሐል ላይ ሟሸሸ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ በጆሮዬ።

«ዋጋ ነው መሰለኝ።»

«የሟች ዕቃ በዕለቱ ይሸጣል? ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?»

መልስ ሳልሰጣት ከጓዳ አንድ ስልሳ ዓመት የሚሆነው ሰው እየሮጠ ወጣ። ፎቶው ወደ በረንዳው በሚወስደው መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ስለነበር አወቅሁት፤ የሚስ ሎሬታ ልጅ ነው፣ ኮሎራዶ የሚኖረው። ጥቁር የለበሱ ስድስት ሴቶች፣ ውኃና ድስት፣ ባርኔጣቸውን ያወለቁ ሰዎች አየ። ከንፈሩ ነጣ።

«ደወሉላችሁ?» አለ። «ለእናንተ ነው የደወሉት? መቼ ነው?»

ያኔ ገባኝ። ሙሉውን አይደለም፤ ግን የሆነ ነገር እንደሠራሁ ገባኝ። ሰውየው ስልኩን አውጥቶ ቁጥር መምታት ጀመረ። አንዱን ቁጥር ሦስቴ ተሳሳተ። በመጨረሻ ተነሣለትና ጠየቀ፣ ሰማ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «እናቴ ምሳ እየበላች ነው» አለን። «ሩዙን አልወደደችውም።» ከዚያ በረንዳው ላይ ወጥቶ ቢጫ ወረቀት የተለጠፈበት ወንበር ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ያን ቀን በእንባ የበለጠኝ እሱ ብቻ ነው።

ለካ ሚስ ሎሬታ ከሦስት ሳምንት በፊት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ኖሯል። ከሆስፒታል አዲሰን በምትባለው ጎረቤት ከተማ ወዳለ የአረጋውያን መኖሪያ ወስደዋቸዋል። ድንኳኑ የገበያ ድንኳን ነው፤ እዚህ አገር አረጋዊ ከቤቱ ሲወጣ ዕቃውን እዚያው ቤት ውስጥ ከነማንኪያው ለገዢ የሚሸጥ ሰው ይቀጠራል። ደብተሩ የወረፋ ደብተር ነው። አንገታቸውን ደፍተው የሚወጡት ዕቃ ስለተሸከሙ ደረጃውን እያዩ ነው፤ እኔ በእንባዬ ዕቃውን አላየሁትም።

«አሥር ቀን ሙሉ እዚህ ነበርኩ» አለኝ ልጃቸው። «ዕቃ ሳወጣ፣ ሳስገባ። እናትህ የት ሄደች ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

የመጀመሪያዋ የሆንኩት ሞቱ ብዬ ነው። ይህንን ለመናገር ጉልበት አላገኘሁም፤ እኔም የሰፈሩ ሰው ነኝ ለካ።

አክስቴ በበኩሏ የመጣችበትን ሳትሠራ የምትመለስ ሰው አይደለችም። ሰው አልሞተም ብትባልም ልጅየው አዝኗል፤ ይህ ይበቃታል። አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ውኃ ከፍታ ሰጠችው፣ ሴቶቹን አዘዘች። ንፍሮው በወረቀት ኩባያ ለወረፋው ታደለ። አንዷ ደንበኛ «ግሉተን አለው?» ብትል «ስንዴ አለው» አለቻት አክስቴ፤ ሴትየዋም ሐዘን ላይ መከራከር ነውር መስሏት በላች።

«ልሂድ ልያቸው» አልኩት ልጅየውን።

አድራሻውን ጻፈልኝ። ወረቀቱን ግን ቶሎ አልለቀቀውም። «ስለ ሽያጩ አታውቅም። ቤቱ ተቆልፎ እየጠበቃት ይመስላታል። እስክትለምድ ድረስ እባክሽ አትንገሪያት» አለኝ።

እኔን። መጋዘን ውስጥ ማንም ምስጢር የማይነግረኝን። አልነግርም አልኩት፤ መንገዱን ሙሉ አፌን በእጄ ይዤ እንደ መንዳት ነበር።

መኖሪያው በር ላይ ሰው የለም፤ ታብሌት ነው ያለው። ስሜን ጻፍኩ። ለነዋሪዋ ምን ነሽ አለኝ። ቤተሰብ፣ ሐኪም፣ የሃይማኖት አባት፣ ጥገና። ወደ ታች ገፋሁት፣ ወደ ላይ ገፋሁት፤ ጎረቤት የሚል የለም። ሁለት ጊዜ ቤተሰብ ላይ ጣቴን አስጠግቼ ፈራሁ። ጥገናን ነካሁ። ስሜንና ጥገና የሚል የታተመበት ወረቀት ከማሽኑ ወጣልኝ፤ ነጠላዬ ላይ ለጥፌው ገባሁ።

ሚስ ሎሬታ ባለጎማ ወንበር ላይ ተቀምጠው የጠፋ ቴሌቪዥን ያያሉ። አንሰዋል። ፀጉራቸውን ሌላ ሰው አበጥሮላቸው ጎኑ ተሳስቷል። በሩ ላይ ስደርስ «ቤቶች» ማለቱን ረሳሁት፤ የተዘቀዘቀ ነጠላ ለብሼ የተረፈውን ንፍሮ በድስት ታቅፌ ቆሜያለሁ።

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

«እርስዎ» አልኩ።

አፌን ልቆርጠው ነበር። የእሳቸው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ደነገጥኩ፣ ለካ እየሳቁ ነው። «እኔም ከትናንት ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «ነይ ቁጭ በይ። ለቅሶው እንዴት ነበር?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሽያጭ የምትል ቃል እንዳታመልጠኝ እየዘለልኩ አወራሁ። «ሰው በጣም ብዙ ነው። መኪናው እስከ መታጠፊያው።»

«ምግብ ይዞ የመጣ አለ?»

ድስቱን ከፈትኩላቸው። አንድ ፍሬ አነሡ፣ ቆይተው አኘኩ። «ጨው አንሶታል፤ ግን ከሩዛቸው ይሻላል። ባርኔጣ ያወለቀስ?»

«አንድ ሽማግሌ አወለቁ። የሞቃቸው መስሎኝ ነበር።»

«ሙቀት አይደለም።»

«ከኋላዬ የነበረውም ልጅ ኬፑን አወለቀ።»

«ኬፕም ይቆጠራል» አሉ። «መኪናስ ቆሟል?»

«ፒክአፕ። መሐል መንገድ ላይ። አቅጣጫ ሊጠይቀኝ መስሎኝ አልፌው ሄድኩ።»

«ደቡብ ውስጥ ሐዘን ሲያልፍ ይቆማል። አባቴ ከትራክተር ወርዶ ይቆም ነበር።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎኝ ስነሣ «ድንኳኑ ነጭ ነው ሰማያዊ?» አሉኝ።

የድስቱን ክዳን መግጠም ጀመርኩ። በሕይወቴ እንዲህ ተጠንቅቄ የገጠምኩት ክዳን የለም።

«የምን መሸማቀቅ ነው» አሉ ሚስ ሎሬታ። «ስንቱ የሽያጭ ድንኳን ውስጥ ገብቻለሁ። ሳሎን ያለው መብራት ከየት የመጣ ይመስልሻል? መብራቱ የነበረላትን ሴትዮ ስም እንኳ አላውቀውም፤ አልጠየቅሁም።» እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ፤ ቀሎ ነበር። «ለልጄ እንዳወቅሁ አትንገሪው። ይጨንቀዋል። እስኪለምድ ድረስ።»

ኦኬ አልኳቸው። ከአንድ ቤት ሁለት ምስጢር ተሸከምኩ ማለት ነው፤ ሁለቱም አንድ ምስጢር ነው።

ወንበሩን ወደ መስኮቱ ግፊልኝ አሉኝ። ገፋሁት። መስኮቱ የሚያየው የመኪና ማቆሚያውን ነው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ማቆሚያ አለ፣ ከዚያም ቶልዌዩ፣ ያ ባለክፍያው አውራ ጎዳና። ጎን ለጎን ሆነን አየን። የሚታይ ነገር የለም፤ ግን በረንዳውም ላይ ቢሆን ያን ያህል የሚታይ ነገር አልነበረም። እዚያም ወንበሩ ላይ የቆየሁት ለማየት አልነበረም።

ብዙ ቆይቶ አንድ ሰውዬ ከመኪናው ወረደ። በሩን ዘጋ፣ ወደኛ ዞረ፣ እጁን ወደ ግንባሩ አነሣ።

ሚስ ሎሬታ እጃቸውን አንሥተው አወዛወዙለት።

«ፀሐዩን እየከለለ ነው እኮ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «አንቺም መልሺለት።»

እጄን አነሣሁ።